የነዳጅ ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት ስኮርታውን አውርዱ

[ምስል፦ ከኋላ የሚታይ ፒካፕ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ስኮርታ ጎማው ላይ ያርፋል።]

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ዛሬ የማሳያችሁ ዕቃ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ነገር ናት፤ የነዳጅ ፓምፑን የምትቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ሞጁል የምንላት። ስትበላሽ ግን ይህን የሚያህል ፒካፕ መንገድ መሃል ቀጥ ታደርገዋለች።

መኪናው ፎርድ ኤፍ 150 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2008 ያለው ሞዴል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ቀለም የሚቀባውም፣ ዕቃ የሚያመላልሰውም ወገናችን ሲሠራበት ኖሯል።

አንድ ወዳጄ በዚሁ መኪና በብርዱ ወራት ሃይዌይ ላይ ሲሄድ ሞተሩ ድንገት ጠፋበት። መሪው ከበደው፤ እንደምንም ዳር ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ቁልፉን ሲያዞር ተነሳለት። ጋራዥ ወሰደው፣ "ፓምፑ ነው" አሉት። ታንኩ ወረደ፣ ፓምፑ ተቀየረ፣ ገንዘቡም ተከፈለ። ሳምንት ሳይሞላው እዚያው ሃይዌይ ላይ ደግሞ ቆመ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ይህን ቪዲዮ የሠራሁትም ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የነዳጅ ታንኩ፣ ፓምፑና ሞጁሉ በቀላል ሥዕል።]

ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው ያለው። በዚህ መኪና ላይ ኮረንቲ በቀጥታ ከባትሪ አይደርሰውም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈልግ ያሰላና ለዚህች ሞጁል ምልክት ይልካል። እሷ ደግሞ ኮረንቲውን በጣም ፈጠን እያለች እያበራችና እያጠፋች ለፓምፑ ትሰጠዋለች። ዳገት ላይ ፓምፑን ታፈጥነዋለች፣ ቆማችሁ መብራት ስትጠብቁ ታዘገየዋለች። እሷ ከሞተች ፓምፑ አዲስም ቢሆን አይሠራም።

ታዲያ ለምን ትሞታለች? ቦታዋን እዩት።

[ምስል፦ ከስኮርታው በላይ፣ ሻንሲው ላይ በአግድም ያለው ብረት።]

የሞጁሏ ጀርባ አሉሚኒየም ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ሻንሲው ላይ ልጥፍ ተደርጋ ትታሰራለች። ሻንሲው ብረት ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው መሃላቸው ጨዋማ ውኃ ሲገባ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። እዚህ አገር በረዶ በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጎማው ያንን ውኃ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ሞጁሏና ብረቱ መሃል የገባው ቶሎ አይደርቅም። ጀርባዋ ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ፍተሻ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ጆሯችሁን ወደ ታንኩ አስጠጉ። ለአንድ ሁለት ሰከንድ "እዝዝ" የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ቀጥሎ ከሹፌሩ ጎን በሚቀመጠው ሰው እግር በኩል፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጀርባ፣ መኪና ሲጋጭ ነዳጅ የሚዘጋ ማብሪያ አለ። በኃይል ከተመታ ሊዘጋ ስለሚችል አናቱን ጫን አድርጉት። መኪናው ላይ የምትሰኩት የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ዩ 0109 (U0109) ካሳያችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ "ሞጁሏን ላገኛት አልቻልኩም" እያለ ነው።

[ምስል፦ ስኮርታው ሲወርድ።]

መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። በክሪክ ማንሳት አያስፈልግም፤ ፒካፑ ከፍ ያለ ስለሆነ ተንፏቆ መግባት ይቻላል። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ግን በፍጹም አትግቡ። ነዳጅ ከሸተታችሁም ሥራውን እዚያው አቁሙ።

ስኮርታውን ከታርጋው አጠገብ ባለው ቀዳዳ ከመኪናው ጋር በሚመጣው ዘንግ እያዞራችሁ አውርዱት። ገመዱ ዝጎ ሊያስቸግር ይችላል፤ ታገሱት። ጎማው ሲነሳ ሞጁሏ ፊት ለፊት ትታያለች። የሶኬቱን መቆለፊያ ተጭናችሁ ንቀሉ፤ ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሁለቱ ቡሎኖች ላይ የዝገት ዘይት ንፉና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የምሬን ነው። በግድ ከፈታችሁት ቡሎኑ ይቆረጥና የግማሽ ሰዓቱ ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል።

[ምስል፦ አሮጌዋ ሞጁል በእጅ ላይ፣ ጀርባዋ ወደ ካሜራ።]

ይህችን እዩ። ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት። እዚህ ጋ ጥፍሬን ሳስገባ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። በዚህ ስንጥቅ ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይታያል። ወዳጄ መጀመሪያውኑ ይህን አይቶ ቢሆን ኖሮ ታንኩ ባልወረደ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። አዲሷን እንደ አሮጌዋ ልጥፍ አድርጋችሁ እንዳታስሩ! የተሻሻለችው ሞጁል ከብረቱ ራቅ የሚያደርጋት እግር አላት። የገዛችኋት እግር ከሌላት በእያንዳንዱ ቡሎን ላይ፣ በሞጁሏና በብረቱ መሃል፣ የማይዝግ ሮንዴላ ደርድሩ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። ውኃው ይወርዳል፣ አየር ይገባል፣ ሙቀቱም ይወጣል። ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና ቀለም ቀቡት። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ አጽዱ፤ ለኤሌክትሪክ ሶኬት የሚሆን ቅባት ትንሽ ቀብታችሁ "ቀጭ" እስኪል ግፉት።

ለዚህ ፎርድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አያስፈልግም። ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ወይም ጂኤምሲ ሲየራ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ በብዙዎቹ አዲሱ ሞጁል ፕሮግራም ካልተደረገ መኪናው አይነሳም። ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ያንን የሚሠራላችሁ ሰው ፈልጉ።

[ምስል፦ ባትሪው ሲታሰር፣ ከዚያ ቁልፉ ሲዞር። ሙዚቃው ይቆማል።]

ስሙት።

[ድምፅ፦ "እዝዝዝ"።]

ይኸው መጣ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቁልፉን ክፈቱና ዝጉ፤ ነዳጁ መስመሩን ይሙላ። ከዚያ አስነሱ። ስኮርታውን ከመመለሳችሁ በፊት አካባቢውን ዞር ዞር ብላችሁ ሞክሩት፤ የታሰረውንም በባትሪ መብራት ደግማችሁ እዩ።