ፈረንሳይ ለአንድ ሴሚስተር፦ ከመሄዳችሁ በፊት እና የደረሳችሁ ሰሞን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይሄ ቪዲዮ ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለዓመት ፈረንሳይ ሄደው ለሚማሩ ነው። ስለ ኤፍል ታወር እና ስለ ክሮሳን የሚያወራ አታጡም። እኔ የማወራው ስለ ወረቀት ነው።

ለምን? የመጀመሪያው ወር ላይ ተማሪን የሚያንገላታው ትምህርቱ ሳይሆን ወረቀቱ ስለሆነ። መብዛቱን እንኳ ይቻላል። ክፋቱ አንዱ ወረቀት ሌላውን መጠበቁ ነው። ባንኩ አድራሻ አምጡ ይላል። አከራዩ ዋስ እና ኢንሹራንስ ይላል። የስልክ ኩባንያው ደግሞ የባንክ ቁጥር። ዙሪያውን ስትሮጡ ትውላላችሁ። ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁ ግን ቀላል ነው።

[ምስል፦ የልደት ምስክር ወረቀት]

ከአገር ቤት እንጀምር። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለቪዛ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይረሳዋል። እዚያ ስትደርሱ የጤና መድኑ ይጠይቃችኋል። ለቤት ኪራይ ድጎማ ካመለከታችሁም እንዲሁ። ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም አለበት፤ ተርጓሚው ደግሞ መሐላ የፈጸመ መሆን አለበት። ስለዚህ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ። ከፓሪስ ሆኖ እናትን ወረዳ መላክ ግፍ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የስማችሁ የእንግሊዝኛ ፊደል ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? አንዷ ፊደል ብትለይ እናንተ ሁለት ሰው ሆናችሁ። ሁለተኛ፣ የልደት ቀኑ ወደ ፈረንጆች ሲቀየር በትክክል ተቀይሯል? ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት። እዚህ ላይ የሚሳሳት ጸሐፊ ብዙ ነው።

ስም ካነሳን አይቀር። የኛ ፓስፖርት የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያት ስም ያስቀምጣል። የራስ እና የአባት ስም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ፈረንሳዮች ያንን እንዳለ ይወስዱታል። ስለዚህ መምህሩ በአያታችሁ ስም ሲጠራ ዞር ብላችሁ ሰው አትፈልጉ። እናንተን ነው። ለማስረዳት አትድከሙ፤ የትኛውም ፎርም ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ እንዳለ ገልብጡ።

[ምስል፦ ቪዛ የተለጠፈበት የፓስፖርት ገጽ]

ቪዛ። ከ90 ቀን በላይ ከቆያችሁ የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው የምትጠይቁት። ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ማሳየት አለባችሁ። ለዓመታት የሚጠቀሰው ቁጥር በወር 615 ዩሮ ነው። ፓሪስ ውስጥ በዚያ ብቻ እንኖራለን ብላችሁ እንዳታስቡ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። የረጅም ጊዜ ቪዛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለአጭር ሴሚስተር የሚሰጥ ጊዜያዊ ነው። ስትደርሱ ምንም አያስፈልገውም፣ ግን እዚያው ሆናችሁ አታራዝሙትም። ሌላው እንደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገለግለው ነው። እሱን በገባችሁ በሦስት ወር ውስጥ ኦንላይን ማጽደቅ እና ክፍያውን መፈጸም ግዴታ ነው። ይሄን የዘነጋ ሰው ለገና ጣሊያን ሄዶ ሲመለስ ጉድ ይፈላል። የገባችሁበትን ቀን ስለሚጠይቅ የአውሮፕላን ቲኬታችሁን አትጣሉት።

አሁን ቤት። ርካሹ ክሩስ የሚባለው የመንግሥት የተማሪዎች አገልግሎት የሚያከራየው ክፍል ነው። ብዙዎቹ 9 ካሬ ሜትር ናቸው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ቁም ሳጥን የምታክል ሻወር። አንሶላ እና ብርድ ልብስ ብዙ ጊዜ የለም፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ጋቢያችሁ ትቻላለች። ምዝገባው ቶሎ ይዘጋል። የልውውጥ ተማሪ ከሆናችሁ በዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ቢሮ በኩል ጠይቁ፤ አንዳንዴ የተያዘ ኮታ አላቸው።

ከግለሰብ ስትከራዩ ዋስ ይጠየቃል፣ ያውም ፈረንሳይ የሚኖር። ዘመድ ከሌላችሁ አትደንግጡ። ቪዛል የሚባል ነፃ ዋስትና አለ፤ እስከ 30 ዓመት ድረስ ላሉ ወጣቶች ይሰጣል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ነው የሚወጣው። ቤቱን ሳታዩ፣ ውል ሳትፈርሙ ገንዘብ ላኩ የሚል ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

[ምስል፦ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ]

የምትደርሱበትን ቀን በጥንቃቄ ምረጡ። እሁድ አትድረሱ። ቅዳሜም ባይሆን ይመረጣል። የተማሪ መኖሪያው ቢሮ ይዘጋል፣ ቁልፍ የሚሰጣችሁ የለም። እሁድ ደግሞ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ከአዲስ አበባ ማታ የሚነሳው የአየር መንገዳችን በረራ ጠዋት ያደርሳችኋል፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን ቀኑ ሙሉ የእናንተ ነው።

ትምህርታችሁ ሊዮን ወይም ሊል ከሆነ ፓሪስ ከተማ መግባት አያስፈልጋችሁም። ፈጣኑ ባቡር ራሱ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ተርሚናል 2 ላይ ጣቢያ አለው። ሊዮን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ሻንጣ ይዞ ከሜትሮ ሜትሮ መቀያየር የሚያሳልፍ ያውቀዋል። ፓሪስ የምትቀሩ ግን ኤር ኡ ኤር ቤ የሚባለውን የከተማ ባቡር ትይዛላችሁ። ትኬቱ እ.ኤ.አ. በ2025 13 ዩሮ ነበር።

ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ሁለት ነገር አለ። የቤት ኢንሹራንስ ማስረጃ ይጠይቋችኋል። ኦንላይን በጥቂት ደቂቃ ይገዛል፣ ለአንድ ክፍል ርካሽ ነው። ከዚያ የክፍሉን ሁኔታ የሚመዘግብ ቅጽ ይሰጣችኋል። ይሄን ቅጽ በጥድፊያ አትፈርሙት! መብራቱን አብሩ። ቧንቧውን ክፈቱ። ፍራሹን ገልብጣችሁ እዩ። ግድግዳው ላይ የሚስማር ቀዳዳ ካለ ጻፉት፣ ፎቶ አንሱት። ስትወጡ ይሄው ቅጽ ተመልሶ ይመጣል፤ ያልጻፋችሁት ቀዳዳ የእናንተ ሆኖ ከማስያዣችሁ ላይ ይቆረጣል።

[ምስል፦ የፖስታ ሳጥኖች]

ወደ ክፍላችሁ ስትወጡ ታች ያሉትን የፖስታ ሳጥኖች እዩ። የእናንተ ላይ ዛሬውኑ ስማችሁን ለጥፉ፣ ከነአያት። ቀልድ አይደለም። የባንክ ካርዱ በፖስታ ሊመጣ ይችላል። የሚስጥር ቁጥሩም ብቻውን፣ በሌላ ፖስታ። ፖስተኛው ስሙን ካላገኘ ይመልሰዋል፣ እናንተ ደግሞ ባንኩ ረሳኝ ብላችሁ ስትጠብቁ ወር ያልፋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ከመኖሪያችሁ የነዋሪነት ማስረጃ ውሰዱ። በእሱ ባንክ ሂዱ። ባንኩ ሪብ የሚባል የአካውንታችሁን ቁጥር የያዘ ወረቀት ይሰጣችኋል። ሪብ በእጃችሁ ከገባ በሩ ሁሉ ይከፈታል፦ ስልክ፣ የጤና መድን፣ የኪራይ ድጎማ። ድጎማው ካፍ ከሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ቢመጣ እሰየው፣ በጀታችሁ ውስጥ ግን አታስገቡት።

የጤና መድኑ ለውጭ ተማሪዎች ባለው ድረ ገጽ ነው፣ ምዝገባው ነፃ ነው። የልደት ወረቀቱ የሚፈለገው እዚህ ነው። ቋሚ ሐኪም መርጣችሁ አስመዝግቡ። ጠቅላላ ሐኪም 30 ዩሮ ያስከፍላል፤ መድኑ 70 በመቶውን ይሸፍናል፣ ሁለት ዩሮ ቀንሶ። ድንገተኛ ነገር ካጋጠማችሁ 112 ደውሉ።

ሌላ ክፍያም አለ፣ ሴቬክ የሚባል የተማሪዎች አገልግሎት መዋጮ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 105 ዩሮ ደርሷል። በልውውጥ የመጣችሁ፣ ማለትም ዋናው ምዝገባችሁ አገር ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ አይመለከታችሁም። ዝም ብሎ የሚከፍል ብዙ ነው።

ምግብ የተማሪ ምግብ ቤት ብሉ። ለዓመታት አንድ ምሳ 3 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ነበር፣ ለተቸገረ ተማሪ 1 ዩሮ። ሱቅም ቢሮም ስትገቡ መጀመሪያ ቦንዡር። እሱን ሳትሉ ጥያቄ ከጀመራችሁ ፊታቸው ይጠቁራል።

ትምህርቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ውጤት ከ20 ነው። 10 ማለፊያ ነው፣ 14 ጥሩ የሚባል ነው፣ 16 ሲሆን ቤት ደውላችሁ ተናገሩ። 20 ማንም አይሰጣችሁም። እዚያ ያለው 13 አገር ቤት ወደ ሲ እንዳይቀየርባችሁ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ እንዴት እንደሚቀይረው ሳትሄዱ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስትመለሱ ደግሞ ክፍሉን እንደምትለቁ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ወር ነው። ማስያዣው የሚመለሰው ከወጣችሁ በኋላ ስለሆነ፣ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ የባንክ አካውንቱን አትዝጉት።