«ለዛሬ ብቻ» አትበሉ፦ ስለ መምህርነትና ሥነ ምግባር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልክ ላይ የመጡትን ጥያቄዎች የመለሱት በመምህራን ኮሌጅ ሥነ ምግባር የሚያስተምሩ እንግዳችን ናቸው።

ከደሴ፦ ጥሩ መምህር ይወለዳል ወይስ ይሠለጥናል?

ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። አይወለድም። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል እንዳለው ክራር መደርደር የሚለመደው እየደረደሩ ነው፤ ፍትሐዊ መሆንም እንደዚያው፣ ፍትሕ እየሠሩ። ስለዚህ የዘወትር ምክሬን ልድገም፦ «ለዛሬ ብቻ» አትበሉ። ዛሬ ያደረጋችሁት ነገር ነገ ይቀላችኋል።

ከባሕር ዳር፦ ተማሪዬ 48 አመጣ፤ ማለፊያው 50 ነው። የድሃ ልጅ ስለሆነ ያሳዝነኛል። ሁለት ማርክ ብጨምርለትስ?

እህቴ፣ አንጀትሽን አልነቅፍም። ግን 47 ያመጣችዋስ? መጥታ ስላላለቀሰች ትውደቅ? ወረቀቱን እንደገና እይው። የእርማት ስህተት ካለ ለሁሉም አስተካክዪ። ከሌለ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስጠኚው፤ በነፃ ታዲያ! የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በየክፍሉ በአዘኔታ የተጨመረች ማርክ ግን እዚያ አብራ አትገባም። «ለዛሬ ብቻ» ደግሞ ጭራሽ እንዳትዪ።

ከአዳማ፦ እኛ በኩርኩም አድገን ሰው ሆነናል። ትንሽ መቆንጠጥ ምን ችግር አለው?

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ አዘጋጁ ሰዓት ቢያሳየኝም አልቆምም። ወንድሜ፣ ይሄን የምትለው አንተ ስለተረፍክ ነው። ዱላ ፈርተው ትምህርት ያቋረጡት ደውለው አይነግሩንም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። እኔ ግን ለመምህሩም እፈራለሁ። እስክሪፕቶ በልጅ ጣቶች መሐል አስገብቶ የሚጨምቅ መምህር አላያችሁም? መጀመሪያ ቀን የራሱም እጅ ይንቀጠቀጣል። ወር ሳይሞላ ከባልደረባው ጋር እያወራ ይጨምቃል።

አሪስቶትል አትቆጡ አላለም። መቆጣት ባለበት ነገር የማይቆጣን ሰው እንዲያውም እንደ ሞኝ ያየዋል። የሚጠይቀው በሚገባው ሰው፣ በሚገባው ልክ፣ በሚገባው ጊዜና መንገድ መቆጣትን ነው። ኩርኩምህን በዚህ ለካው። ልጁ አወራ፤ አንተን ያናደደህ ግን የዘገየው ደመወዝ ነው። ሰውም ልክም ተሳተ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ? ጠመኔውን አስቀምጥ። ትንሽ ዝም በል። ከክፍል በኋላ ለብቻው አናግረው። በጓደኞቹ ፊት «ደደብ» ማለትም ያው ነው፤ ዱላ አልያዝኩም ብለህ እንዳትከራከረኝ።

ከጎንደር፦ አሪስቶትል ራሱ አስተምሯል?

አዎ፣ ታላቁ እስክንድርን በልጅነቱ አስተምሯል። ውጤቱን እናንተ አርሙ።

ስሜ ይቆይ ያሉ መምህር፦ ክፍል ልገባ ስል ልቤ ይመታል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ትናንት በተማሪ ላይ ዳስተር ወረወርኩ።

ልጄ፣ ስለደወልክ ጥሩ አድርገሃል። ይሄ ግን በሬዲዮ የሚመለስ አይደለም፤ ከእኔም ሙያ ውጭ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ሂድ። ለርዕሰ መምህሩም ንገርና ጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቅ። ነገውኑ ሂድ፤ የፈተና እርማቱ እስኪያልቅ አትጠብቅ።