ዝናቡና ወንዙ በአንድ ሌሊት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎርፍ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ስለሚኖርባት ስለ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ።

ኪንግ ስትሪት ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር የሚያልቅበትን ቦታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ቀን ጠብታ ሳይጥል መንገዱ ላይ ውሃ ይተኛል። ከየት መጣ ብላችሁ ስታዩ፣ ከጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ሥር እየተንፎለፎለ ነው። ወንዙ ፖቶማክ እዚህ ድረስ ከባሕሩ ጋር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ልዩነቱ 1 ሜትር ይጠጋል። ወንዙ በጣም ሲሞላ፣ የዝናቡን ውሃ ወደ ወንዝ እንዲወስድ የተቀበረው ቱቦ ወንዙን ወደ መንገድ ይዞት ይመጣል። እንግዲህ በዚያው ሰዓት ዶፍ ቢወርድስ? መሄጃ የለውማ!

ሴፕቴምበር 2003 ላይ ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ ውሃውን ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሽቅብ ገፍቶ አሮጌውን ሰፈር አጥለቀለቀው። ጁን 2006 ላይ ደግሞ ማዶ ዋሽንግተን ውስጥ ለቀናት የጣለው ዝናብ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱን ቤዝመንት ሞላው፤ ሕንጻው ለወራት ተዘጋ። አንዱ ከባሕር፣ ሌላው ከሰማይ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለቱ አንድ ላይ የመጡ ቀን ነው።

የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለው በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ነው። የ30 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል። ዝናቡና የባሕሩ ሙላት የማይገናኙ ነገሮች ቢሆኑ ኖሮ፣ ሁለቱም በዚያ መጠን በአንድ ዓመት የመምጣታቸው ዕድል ከ10,000 አንድ ብቻ በሆነ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚያመጣቸው ያው አንድ አውሎ ነፋስ ነው! ለየብቻ ለክቶ ማባዛት አደጋውን በጣም ያሳንሰዋል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ውሃው በጎደለበት ሰዓት የወረደ ዶፍ ቱቦው ይዞት ይሄዳል፤ ያው ዶፍ ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ፣ ውሃው ሲሞላ ቢወርድ ቤት ይገባል።

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የፌማን (የፌዴራሉን የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ አይታችሁ ብቻ እፎይ አትበሉ። የመንገድ ቱቦ ሞልቶ የሚያመጣው ጎርፍ እሱ ላይ የለም። ተራው የቤት ኢንሹራንስም ጎርፍ አይከፍልም። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ፣ ከሞርጌጁ ጋር አብሮ ካልተገዛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። የተከራያችሁም ለዕቃችሁ ብቻ መግዛት ትችላላችሁ፤ ቤዝመንት ውስጥ ያለውን ዕቃ ግን አብዛኛውን አይሸፍንም። አውሎ ነፋሱ መምጣቱ ሲነገር ግን የሚቀራችሁ ጥቂት ቀን ነውና አሁኑኑ ጠይቁ።