ወፎች ግቢያችንን እንዲመርጡት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ግቢያቸውን ለዱር ወፎች የሚመች ማድረግ የሚፈልጉ ብዙ አድማጮች ደውለውልናል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ጥሬ እበትናለሁ። ግን ከርግብና ከድንቢጥ በቀር የሚመጣ የለም። ሌሎቹን ወፎች በምን ልሳባቸው?

እናቴ፣ በመጀመሪያ እጅዎ ይባረክ። የሚበትኑት ነገር ችግር የለበትም። ነገር ግን ጥሬ የሚጠራው ጥሬ በል ወፎችን ብቻ ነው። አብዛኞቹ ወፎች የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፦ ትል፣ አባጨጓሬ፣ ሸረሪት፣ ፌንጣ። ፍሬ የሚለቅሙም፣ ከአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚጠጡም አሉ።

ድንቢጥ እንኳ ራሷ ጥሬ እየበላች ጫጩቶቿን በአብዛኛው የምታሳድገው በነፍሳት ነው። ጫጩት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥጋና ላባ መሥራት አለበት። ለዚህ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ደረቅ ጥሬ ደግሞ ለዚያ ገና ለጋ ለሆነ ሆድ አይሆንም። ርግብ ግን ለየት ትላለች። ጉሮሮዋ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ወተት የሚመስል ነገር ታዘጋጅና ጫጩቶቿን በዚያ ትመግባለች። ስለዚህ ነፍሳት የሌለበት ግቢ እሷን ብዙም አይቸግራትም። ሌሎቹ ግን ልጅ ማሳደግ በማይችሉበት ቦታ ለምን ይቆያሉ?

መጠኑን ለመገመት እንዲረዳዎ አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በሰሜን አሜሪካ 10 ግራም ገደማ የምትመዝን ቺካዲ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ጥንዶቹ አንድ ዙር የፈለፈሏቸውን ጫጩቶች አሳድገው ከጎጆ እስኪያስወጡ ድረስ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ እንደሚያስፈልጋቸው ይገመታል። ይህን ሁሉ የሚለቅሙት ከጎጆአቸው ብዙም ሳይርቁ ነው። ይህን ያህል ምግብ በሰሃን ማቅረብ አንችልም። ማቅረብ የሚችለው ዛፍ ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ተክል ላይ ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ዛፍና ቁጥቋጦ ይምረጡ። ብዙ አባጨጓሬዎች የሚበሉት አብረዋቸው የኖሩትን የጥቂት ተክሎች ቅጠል ብቻ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ የጌጥ ተክል ቅጠሉ ሳይበሳ ዓመቱን ሙሉ አምሮ ሊቆም ይችላል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለወፍ ግን ባዶ ማዕድ ነው። እኔ ቅጠሉ እዚህም እዚያም የተበሳ ዛፍ ሳይ ደስ ይለኛል። አንድ ትል በልቶበታል ማለት ነው፤ የበላውን ደግሞ ወፍ ይበላዋል።

ተክሎቹ ቁመታቸው ይለያይ። ከታች ሣርና አበባ፣ መሐል ላይ ቁጥቋጦ፣ ከላይ ዛፍ ይኑር። አንዳንድ ወፍ መሬት ላይ ይለቅማል፣ አንዳንዱ ከቅርንጫፍ አይወርድም። አደጋ ሲመጣም ሁሉም ዘሎ የሚደበቅበት ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይፈልጋል። የረገፈውን ቅጠል በሙሉ ጠርገው አያቃጥሉት፤ ከቁጥቋጦው ሥር ይከምሩት። ትሉም ሸረሪቱም እዚያ ነው የሚራባው። አበባው ሲደርቅም ቶሎ አይቁረጡት፤ ዘሩን የሚለቅም አለ። ከግቢው አንድ ጥግ ትንሽ ደረቅ አፈር ሣር ሳይተከልበት ቢተዉም ድንቢጦች አቧራ ይታጠቡበታል።

ጥያቄ፦ ውሃ በምን ዕቃ ላስቀምጥ? ቢምቢ እንዳይራባብኝም እፈራለሁ።

ወንድሜ፣ ከምግቡ በፊት ውሃውን ማሰብህ ትክክል ነው። ጥሬ የማይነካ ወፍም ውሃ ይጠጣል፣ ይታጠባል። ላባው ካልጸዳ በደንብ መብረርም ሙቀቱን መጠበቅም ይቸግረዋል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ጥልቅ ዕቃ በማስቀመጥ ነው። ትንሽ ወፍ እግሩ መሬት ካልነካ አይገባም። ከገባም ሊሰምጥ ይችላል። የውሃው ጥልቀት ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይብቃው። ጠርዙ ቀስ እያለ የሚዘቀዝቅ፣ ታቹ ሻካራ የሆነ የሸክላ ሰሃን ምርጥ ነው። ያለህ ዕቃ ጥልቅ ከሆነ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጥ።

ቢምቢን በተመለከተ፣ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ብዙ ጊዜ ከሳምንት በላይ ይወስድባታል። ሙቀቱ ሲበረታ ጊዜው ያጥራል። ውሃውን በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየ2 ቀኑ ከደፋኸውና ሰሃኑን በብሩሽ ከፈተግከው ዕድል አታገኝም። መድኃኒት ወይም ዘይት እንዳትጨምርበት።

ሰሃኑን ከቁጥቋጦ 2 ወይም 3 ሜትር አርቀህ አስቀምጥ። በጣም ከቀረበ ድመት ታደባበታለች። በጣም ከራቀ ደግሞ ላባው የረጠበ ወፍ በቶሎ የሚሸሸግበት ያጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዛፍ ሥር ጫጩት አግኝታ ይዛው ገባች። ወተት በዳቦ ልንሰጠው እያሰብን ነው። ደግሞ የሰው እጅ የነካውን እናቱ ትተወዋለች ይባላል፤ እውነት ነው?

እህቴ፣ መጀመሪያ ወተቱን ተዪው። ወፍ ወተት አይፈጭም። ውሃም በአፉ አታንጠባጥቢለት፤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ትክክል አይደለም። ወላጆቹ የሰው እጅ ስለነካው ብቻ ልጃቸውን አይጥሉም። ስለዚህ አሁን ጫጩቱን በደንብ እዪው። ላባ ያላወጣና ዓይኑ ያልተገለጠ ከሆነ ቦታው ጎጆው ነው። ጎጆው ከታየሽና ከደረስሽበት ቀስ ብለሽ መልሺው። ጎጆው ከፈረሰ ታቹ ውሃ የሚያሳልፍ ትንሽ ቅርጫት ፈልጊ፣ ደረቅ ሣር አንጥፊበትና እዚያው ዛፍ ላይ እሰሪው። ብዙ ጊዜ ወላጆቹ መጥተው እዚያው ይመግቡታል።

ላባ ካወጣ፣ ጅራቱ አጭር ሆኖ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ግን ወድቆ አይደለም። ከጎጆ የሚወጣበት ጊዜ ደርሶ ነው። ብዙ ዓይነት ወፎች ጥቂት ቀናት መሬትና ቁጥቋጦ ላይ እየዘለሉ መብረር ይለማመዳሉ። ወላጆቹ አጠገቡ ናቸው፤ እናንተ ቆማችሁ ስታዩት ግን አይቀርቡም። ወዳገኛችሁበት መልሱት፣ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጡት፣ ድመትና ውሻ ካለ አስገቡ፣ ከዚያ ራቁ። ልጅሽ በመስኮት ሆና ትጠብቀው። እናቱ በአፏ ትል ይዛ ስትመጣ ብታይ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም።

ከደማ፣ ክንፉ ከተንጠለጠለ ወይም ድመት ከነከሰችው ነገሩ ሌላ ነው። የድመት ጥርስ የሚያስገባው ባክቴሪያ ትንሽ ቁስልን እንኳ ገዳይ ያደርገዋል። አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አድርገሽ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ ድመት አለችኝ። ጠግባ ነው የምትውለው። እሷም እንድትኖር፣ ወፎቹም እንዲመጡ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን መጥገቧ ዋስትና አይሆንህም። ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ተፈጥሮዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ብቻ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ እንደሚገድሉ ገምቷል። ትልቁን ድርሻ የያዙት ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ቢሆኑም የቤቶቹም ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ቤት ውስጥ መያዝ ነው። ካልሆነ ቢያንስ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ አታውጣት፤ ወፎች በብዛት የሚመገቡት ያኔ ነው። ጫጩቶች ከጎጆ በሚወጡበት ሰሞን ደግሞ ጨርሶ ባትወጣ እመርጣለሁ። ደማቅ ቀለም ያለው የአንገት ጨርቅም ይረዳል። ወፎች ቀለም በደንብ ስለሚለዩ ከሩቅ ያዩዋታል።

ጥያቄ፦ የተረፈ ዳቦና ሩዝ ብሰጣቸው ይጎዳቸዋል?

ትንሽ ዳቦ አይገድልም። ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ ስለዚህ ልማድ አታድርጉት። የሻገተ ግን በፍጹም አትስጡ። ጨው የበዛበት ምግብ፣ ቸኮሌትና አቮካዶ ለወፍ አደገኛ ናቸው። ጨው የሌለው ሩዝ ችግር የለውም። ጥሬ ሩዝ ሆዳቸው ውስጥ አብጦ ይገድላቸዋል የሚባለውም እውነት አይደለም።

ለአበባ ወፎች የስኳር ውሃ መስጠት የምትፈልጉ 1 እጅ ነጭ ስኳር በ4 እጅ ውሃ በጥብጡ። ማርም ቀለምም አትጨምሩ። በሙቀት ወቅት በየ2 ቀኑ ይቀየር።

እዚህ ላይ ያልተጠየቅሁትን ልጨምር፤ በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። የመመገቢያ ዕቃውን እጠቡ። ብዙ ወፍ አንድ ሰሃን ላይ ሲሰበሰብ በሽታ ይተላለፋል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 አካባቢ ጀምሮ ጉሮሮ የሚዘጋ ትሪኮሞኖሲስ የተባለ በሽታ ግሪንፊንች የተባለችውን ወፍ ክፉኛ ቀንሷታል። ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ሰዎች በደግ ልብ ያስቀመጡት የመመገቢያና የመጠጫ ዕቃ ነው። ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይነከር። ከዚያ በደንብ ተለቅልቆ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ላባውን ነፍቶ የተኮማተረ፣ ሰው ሲጠጋው የማይበር ወፍ ካያችሁ ምግቡንም ውሃውንም ለ2 ሳምንት አንሱ።

ጥያቄ፦ አንድ ወፍ በየቀኑ መስኮቴን ይመታዋል። ምን ፈልጎ ነው?

አባቴ፣ ይህ በመራቢያ ወቅት የሚታይ ነገር ነው። መስታወቱ ላይ የራሱን መልክ ያይና ክልሌን ሊወስድ የመጣ ባላጋራ ነው ብሎ ይዋጋል። መስታወቱን በውጭ በኩል በጨርቅ ወይም በወረቀት ለጥቂት ሳምንታት ይሸፍኑት፤ ይተወዋል።

ከዚህ የከፋው በፍጥነት በርሮ የሚጋጨው ነው። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ዛፍና ሰማይ እውነተኛ ይመስለዋል። አንድ የጭልፊት ምስል መለጠፍ ብዙም አይጠቅምም። መስታወቱን በሙሉ፣ በውጭ በኩል፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነጠብጣብ ወይም መስመር ያድርጉበት። ቀጫጭን ገመዶችን ጎን ለጎን ማንጠልጠልም ይሠራል። ምግብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ከመስታወቱ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ያስቀምጡት። ከዚያ የተነሳ ወፍ ቢጋጭ እንኳ ገና ፍጥነት ስላልያዘ ብዙም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ጎመኔን ተባይ ስለሚበላው መድኃኒት እረጫለሁ። ወፎቹ ይጎዳሉ?

አዎ፣ ይጎዳሉ፤ በ2 መንገድ። አንደኛ፣ ምግባቸውን ትገድልባቸዋለህ። ሁለተኛ፣ የተመረዘውን ትል ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር ይበሉታል። ወፍ እንዲመጣ እየፈለጉ መርጨት እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱን መምረጥ አለብህ። ትሉን በእጅ ልቀም፣ ችግኙን በቀጭን መረብ ሸፍን። መረቡ ቀዳዳው ጣት የማያስገባና በደንብ የተወጠረ ይሁን፤ የላላ መረብ ወፍ ጠልፎ ይይዛል። የአይጥ መርዝም ከግቢህ አርቅ። የተመረዘውን አይጥ ጉጉት ትበላውና እሷም ትሞታለች።

ጥያቄ፦ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ያለኝ በረንዳ ብቻ ነው።

ይበቃሻል። አበባ የሚሰጡ ተክሎች በገንቦና በባልዲ፣ አንድ ሰሃን ንጹሕ ውሃ፣ መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ። ማታ የማያስፈልግሽን መብራት አጥፊ፤ ሌሊት የሚጓዙ ወፎችን ብርሃን ያደናግራቸዋል። የመጀመሪያዋ ወፍ ለመምጣት ሳምንታት ሊወስድባት ስለሚችል ተስፋ አትቁረጪ።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ የደረቀ ዛፍ አለ። ልቆርጠው ስል ወፍ ሲገባና ሲወጣ አየሁ። ምን ላድርግ?

ለጊዜው መጥረቢያውን አስቀምጥ። ትናንሽ ወፎች እንቁላላቸውን 2 ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ። ከወር ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ብትታገሥ አብዛኞቹ ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ግን ወዲያው ደግመው ስለሚጥሉ መግባት መውጣቱ ማቆሙን አረጋግጥ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ዛፉ ቤት ወይም መንገድ ላይ የማይወድቅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አትቁረጠው። አደገኛ የሆኑትን ቅርንጫፎች አውርድና ግንዱን ተወው። ግንደ ቆርቁር ቀዳዳ የሚፈለፍለው እንዲህ ባለ እንጨት ላይ ነው። እሱ ሲለቅ ራሳቸው መቦርቦር የማይችሉ ወፎች ይገቡበታል። ግንዱን ማቆየት ካልቻልክ የእንጨት ሳጥን መስቀል ትችላለህ፦ ያልተቀባ እንጨት፣ ታቹ ላይ የውሃ መውጫ፣ ለድንቢጥ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ። ከመግቢያው ሥር ማረፊያ እንጨት አትሰካ። ወፉ አያስፈልገውም፤ ጫጩት ሊወስድ የመጣው ግን ይቆምበታል። ከመሬት 2 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያቃጥልበት በኩል ስቀለው።