ኮንሰርት ላይ ያነሳነው ፎቶ ለምን ብዥ ይላል?

[ጥቁር ስክሪን። የድራም ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንድ ፎቶ ቀስ ብሎ ይገለጣል።]

ይቺን ፎቶ እዩዋት። ዘፋኙ ራሱን ወደ ኋላ ጥሏል። ማይኩን ከአፉ አርቆታል። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ግንባሩ ላይ ያቸፈቸፈው ላብ በቢጫው መብራት ያብረቀርቃል። ቅጽበቷ ድጋሚ አትገኝም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰውየው ሁለት አፍንጫ አለው።

ያነሳሁት እኔው ነኝ። ካሜራ ይዤ ኮንሰርት የገባሁበት የመጀመሪያው ምሽት ነበር። እዚያው በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳያት አሪፍ ነበረች። እቤት ኮምፒውተር ላይ ስከፍታት ግን ክው አልኩ። እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ከ400 በላይ ፎቶ አንስቼ ለሰው የሚታየው 10 አልሞላም።

ኖይዝ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚበተነውን ነጠብጣብ፣ ፈርቼ ነው ጉድ የሆንኩት። "አይኤስኦ ከፍ ካለ ፎቶው ይበላሻል" ሲባል ሰምቼ 800 ላይ ቸነከርኩት። አይኤስኦ ካሜራው የያዘውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስን ቁጥር ነው። መድረኩ ሲጨልም ካሜራው ምን ያድርግ? ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) እያዘገየ እያዘገየ 1/30 ሰከንድ ላይ አደረሰው። በዚያች አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ የሚዘል ሰው ብዙ መንገድ ይሄዳል።

[ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፦ አንዱ አይኤስኦ 800 እና ብዥ ያለ፣ ሌላው 6400 እና ጥርት ያለ።]

በቀኝ ያለውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥቁሩ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ኖይዝ የምንለው እሱ ነው። ግን ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል። ኖይዙን በኋላ በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል። በግራ ያለው ዓይን ግን መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም፤ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኖይዙን በዋናነት የሚያመጣው የብርሃኑ ማነስ እንጂ የአይኤስኦው ቁጥር አይደለም። በዝቅተኛ አይኤስኦ አጨልማችሁ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ብታበሩት ኖይዙ ያው ይመጣል። ብዙ ጊዜም ብሶ ይመጣል። ስለዚህ 3200ም፣ 6400ም ቢሆን አትሳቀቁ።

መጀመሪያ የሚወሰነው ሻተሩ ነው። ቆሞ ለሚዘፍን 1/250 ይበቃል። ለሚዘልና ለድራም መቺው 1/500 ይሻላል። በቀዝቃዛ ዘፈን 1/125 ድረስ መውረድ ትችሉ ይሆናል፤ እኔ ግን አላምነውም። ሌንሴ ማረጋጊያ አለው የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ማረጋጊያው የእናንተን እጅ ነው የሚያረጋጋው። ዘፋኙን ዝም ብለህ ቁም አይለውም።

አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ላይ ብዙ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ክፈቱት። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ዙም ሌንስ ሲሳብ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሱ ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ዋጋውም ከሌንሶች ሁሉ ረከስ ካሉት ነው። ግን እንዲህ ሲከፈት ፎከስ የሚሆነው ቦታ ስስ ነው። ማይኩ ጥርት ብሎ ዓይኑ ብዥ ሊል ይችላል። ፎከሱን ዓይን ላይ አድርጉ፤ ካሜራው ፎከሱን ማይኩ ላይ ማድረግ እንደሚወድም አትርሱ።

[መድረኩ ከሩቅ፦ ሰፊ ጥቁር፣ መሃል ላይ አንድ የበራ ፊት።]

አውቶ ላይ ተዉት ይሉኛል። እንቢ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ይሄ ፍሬም ደግሞ አብዛኛው ጥቁር ነው። ካሜራው "ጨለመ" ብሎ ያበራዋል፤ ፊቱ ወረቀት መስሎ ቁጭ ይላል። እኔ ሻተሩን፣ አፐርቸሩንና አይኤስኦውን ሦስቱንም በእጄ አስተካክላለሁ፣ መብራቱ ፊቱ ላይ ሙሉ ሲወድቅ ባለው ልክ። መብራቱ ሲጠፋ ዝም እላለሁ። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ ደግሞ፤ ትንሽ ብትሳሳቱ ማስተካከያ ይኖራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ፤ ቀይና ሰማያዊ መብራት።

[በቀይ መብራት የተነሳ ፊት። ቅርጽ የለውም።]

ይሄ ሰው ቀለም የተቀባ ነው የሚመስለው። በአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር ላይ ከ4 ፒክስል 2ቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ብርሃን ይለቅማሉ። መድረኩ ንጹህ ቀይ ሲሆን ሥራው በሙሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። እሱ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌሎቹ ባዶአቸውን ይቀመጣሉ። ካሜራው ግን አማካዩን አይቶ "ደህና ነው" ይላችኋል። የሚያጋልጠው ቀለሞቹን ለየብቻ የሚያሳየው ሂስቶግራም የሚባለው የብርሃን ግራፍ ነው። ቀዩ የግራፉ ቀኝ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንድ ደረጃ አጨልሙ፤ ለምሳሌ 1/250 የነበረውን ሻተር 1/500 አድርጉት። ከቻላችሁ ነጭ ወይም ቢጫ መብራት እስኪመጣ ጠብቁ። ካልመጣ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ከኔ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ግማሾቹ ጥበብ ሳይሆኑ ከቀይ መብራት የተረፉ ናቸው። ስትጠይቁኝ ግን ጥበብ ነው እላለሁ።

ፎቶው ላይ አግድም መስመር መስመር ከወጣ የመድረኩ ኤልኢዲ መብራት ነው። ዓይናችን ባያየውም ቶሎ ቶሎ ይበራል፣ ይጠፋል። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሻተር ደግሞ ምስሉን ረድፍ በረድፍ ስለሚያነብ ይይዘዋል። ወደ መካኒካሉ ሻተር ተመለሱ።

ፍላሽ? አጥፉት። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚበራላችሁ ዘፋኙ ሳይሆን ከፊታችሁ የቆመው ሰው ማጅራት ነው። ከመድረኩ ሥር ለሚቆሙ ባለሙያዎች እንኳ የተለመደው ደንብ "የመጀመሪያዎቹ 3 ዘፈኖች፣ ያለ ፍላሽ" ነው። ፎከስ ለመያዝ ብልጭ የምትለዋን ትንሽ መብራትም አጥፏት። የካሜራውን ስክሪን ደግሞ ቀንሱት። ጨለማ ውስጥ ሁሉም ፎቶ ቆንጆ ነው። እኔን ያታለለኝም እሱ ነው። ዓይኑን አጉልታችሁ ካላያችሁ አትመኑት።

[ድምፅ፦ አዝማቹ ይጀምራል፤ መብራቱ በአንዴ ይለቀቃል።]

ሰማችሁ? መብራቱን የሚቆጣጠረው ሰው ዘፈኑን ይከተላል። አዝማቹ ሲመጣ መድረኩ ይበራል፤ ሁለተኛው አዝማች ላይም ብዙ ጊዜ ያንኑ ይደግመዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እዩት፣ ሁለተኛውን አንሱት። ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ማይኩ አፍ ይሸፍናል። ትንሽ ወደ ጎን በሉ። ከዚያ ስንኙ የሚያልቅበትን ጠብቁ። ያኔ ዘፋኙ ማይኩን ያርቃል፣ ትንፋሽ ይስባል።

[አዲስ ፎቶ። ስክሪን ላይ፦ 1/320፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 6400።]

ይሄ ከዓመት በኋላ የተነሳ ነው። ሌላ ዘፋኝ፣ ሌላ መድረክ። ጥቁሩ ላይ አሸዋው አለ፤ አልደበቅኩትም። ላጉላው። አንድ አፍንጫ። ቅንድቡ ላይ ደግሞ ልትወድቅ የደረሰች አንዲት የላብ ጠብታ።

[ምስሉ ጠብታዋ ላይ ይቆማል። ድምፁ ይጠፋል።]