በኮን መካከል መንዳት
በደብረ ማርቆስ ለሾፌሮችና ለአሽከርካሪ አሰልጣኞች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የታክሲና የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ የቤት መኪና የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከደጀን የመጣችሁ የዓባይን በረሃ ትወርዱታላችሁ፣ ትወጡታላችሁ። የባሕር ዳሮቹ ባጃጅ በየት በኩል እንደሚገባባችሁ ሳታውቁ ትውላላችሁ። የቡሬና የዳንግላ ሾፌር ደግሞ በገበያ ቀን አስፋልቱን ከሰውና ከከብት ጋር ይጋራል። ስለዚህ መንዳት ላስተምራችሁ አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? የረገጠም ካለ፣ አብዛኛው የረገጠው አህያ ወይም ልጅ ድንገት ሲገባበት ነው። ያኔ ደግሞ የሚማርበት ጊዜ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ፓርኪንግና ዳገት ላይ መነሳት ተፈትነናል፤ ጎማው መንገዱን መያዝ የሚያቆምበትን ቦታ ግን ማንም አላሳየንም። አውቶክሮስ ያንን ቦታ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የሚያሳይ ትምህርት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ አስፋልት ላይ በፕላስቲክ ኮን ጠመዝማዛ መስመር ይሠራል። መኪኖች ተራ በተራ እየገቡ ሰዓት ይያዝላቸዋል። ጎን ለጎን መሮጥ፣ መቅደም፣ መጋፋት የለም። አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። በፈረንጆቹ 1944 የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ ኤስሲሲኤ የሚባለው፣ ይህን ውድድር ሶሎ በሚል ስም ያካሂደዋል፤ ደንቡንም እንዳለ ብንወስደው ይበቃናል። በኮኑ እግር ዙሪያ በጠመኔ ሣጥን ይሠመራል። ኮኑ ከወደቀ ወይም ከሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በሁለት ኮን የተሠራ በር ዘሎ ያለፈ ዙሩ አይቆጠርለትም። መስመሩ ከግንብ፣ ከዛፍና ከመብራት ምሰሶ 25 ጫማ፣ ማለትም ወደ 8 ሜትር ይርቃል። እኛ ጋ ግን እጥፉን ብናደርገው ይሻላል፤ ጀማሪው ይበዛል፣ ጎማውም ሁሉ አዲስ አይደለም።

የሚገባው መኪና የትኛው ነው? ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ በቂ ናቸው፤ የድሮዋ ኮሮላ እንዲያውም ጥሩ አስተማሪ ናት። ሃይሩፍ ሚኒባስ፣ ላንድክሩዘር፣ አይሱዙና ባጃጅ ዚግዛግ ውስጥ አይገቡም። እዚህ ላይ ልመና አልቀበልም። ከፍ ያለ መኪና ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል። የሚኒባስ ሾፌር ትምህርቱን በትንሽ መኪና ይውሰድ፤ በራሱ መኪና ባዶውን፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ የፍሬን ልምምድ ያድርግ።

መኪናው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል። ከውስጥ የሚንከባለል ነገር በሙሉ ይውጣ፦ የውሃ ጠርሙስ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ምንጣፉም ጭምር። ፍሬን ፔዳል ሥር የገባች የውሃ ጠርሙስ ፍሬን ከመበጠስ አትለይም። ባትሪው መታሰሩን በእጅ ነቅንቃችሁ እዩ። የጎማ ብሎኖች በመፍቻ ይጠበቁ። የፍሬን ፔዳሉን ረግጣችሁ ለ10 ሰከንድ ያዙት፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ያ መኪና ዛሬ አይገባም። ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ያለምንም ማንቀራፈፍ መመለስ አለበት። የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ ጨዋታ ካለው ቴስቲኒው፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ፣ አልቋል ማለት ነው።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ አልቋል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ግን ብዙ ሰው ያታልላል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፦ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለጎሚስታው “ሙላልኝ” ብሎ ዝም ማለትም ልክ አይደለም። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ቋሚው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የፊትና የኋላውን ንፋስ ለይቶ ይናገራል። ልኩ የሚወሰደው ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ብዙ ልምምድ ከተሠራ በኋላ ግፊቱ ይጨምራል፤ ያን አይቶ ማስተንፈስ፣ ማታ ደግሞ በጎደለ ጎማ ወደ ቤት መመለስ የተለመደ ስህተት ነው።

አቀማመጥ። ወንበሩን አስጠጉ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር። ጀርባችሁን ከወንበሩ ሳታላቅቁ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። እጆች በሦስትና በዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁኑ። በአንድ እጅ፣ ክርንን መስኮት ላይ አስደግፎ መንዳት ሌላ ቀን። ቀበቶና ሄልሜት ያላሰረ አይገባም።

የመጀመሪያው ልምምድ ፍሬን ነው፤ ከቀኑ ግማሹ ቢሄድበት አይቆጨኝም። ሁለት ኮን በር ይሆናል። በሩን በ40 ኪሎ ሜትር ስታልፉ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ትረግጣላችሁ፤ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑንም አብራችሁ። ጥሩ ጎማና ደረቅ አስፋልት ካለ መኪናው ከረገጣችሁበት ቦታ 9 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በ60 ወደ 20 ሜትር፣ በ80 ወደ 36 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ አይታችሁ እስክትረግጡ የምትጠፋ አንድ ሰከንድ አለች፤ በ60 እሷ ብቻ 17 ሜትር፣ በ80 ደግሞ 22 ሜትር ትበላለች። እንግዲህ አስቡት፦ አህያ ያዩት ሁለት ሾፌሮች አንዱ በ60፣ አንዱ በ80 እየመጡ ነው። በ60 የመጣው በ37ኛው ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በ80 የመጣው እዚያው ቦታ ሲደርስ ገና 60 ላይ ነው።

እዚህ ልምምድ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጀማሪው ቀስ ብሎ ይረግጥና መጨረሻ ላይ ያጠነክራል፤ ትክክሉ ግን ከመጀመሪያው መጠንከር ነው። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ያለው መኪና ሲረገጥ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ሾፌሩ የተሰበረ መስሎት እግሩን ያነሣል። አታንሡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ኤቢኤስ የሌለው ደግሞ ጎማው ይቆለፍና ይጮኻል፤ የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም። እግራችሁን ትንሽ ብቻ ለቀቅ ስታደርጉ ጎማው ይዞራል፣ መሪውም ይመለሳል። ኮረኮንች ላይ ኤቢኤስ ያለው መኪና እንዲያውም ርቆ ሊቆም ይችላል፤ ወደ ወረዳ የምትወጡ ይህን ያዙ። ከአምስት ስድስት ሙሉ ፍሬን በኋላ መኪናውን ቀስ አድርጋችሁ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። በጋለ ፍሬን ላይ እጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ቀጥሎ ዚግዛግ። አምስት ኮን በአንድ መስመር፣ በየ18 ሜትሩ። የኤስሲሲኤ ደንብ በዚግዛግ ኮኖች መካከል ቢያንስ 45 ጫማ፣ ወደ 14 ሜትር ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ሰፋ ማለቱ ይበጃል። በ30 ጀምሩ። በ40 በደንብ ይታለፋል። በ50 የሞከረ ተራ መኪና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኮኖች አልፎ ሦስተኛው ላይ ይዘገያል፣ አራተኛውን ይመታል። ምክንያቱ አራተኛው አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ዘግይቶ ነው የዞረው፣ መዘግየቱ በየኮኑ ተደመረ። መሪው መዞር ያለበት ኮኑ አጠገብ ሲደረስ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። መኪናው ኮኑን ሲያልፍ አፍንጫው ወደሚቀጥለው ማየት ጀምሮ መሆን አለበት። ዓይናችሁም እንዲሁ፦ የምታልፉትን ኮን ካያችሁ ትመቱታላችሁ። እጅ የሚሄደው ዓይን ወዳለበት ነው። አሰልጣኙ ጎን ተቀምጦ “ቀጣዩ፣ ቀጣዩ” ሲል መዋሉ ለዚህ ነው።

መሪውን አትንጠቁ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጡት የአገው ፈረሰኞች ልጓም እየነጠቁ አይጋልቡም፤ የተነጠቀ ፈረስ አንገቱን ይጥላል። የተነጠቀ መሪም የፊት ጎማውን ያስንሸራትታል።

ሦስተኛው ክብ ነው፤ ከመሐል እስከ ጠርዙ 15 ሜትር። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርሱ መሪው ዞሮ ሳለ አፍንጫው ወደ ውጭ መሄድ ይጀምራል። ብዙ ሰው ያኔ መሪውን ይጨምራል። መጨመር አይጠቅምም፣ ጎማው የሚሰጠውን ጨርሷል። ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ቀንሱ፣ መሪውንም ትንሽ መልሱ፤ ይይዛል። ነዳጁን በድንገት የለቀቀ ግን ሌላ ነገር ያያል፦ ክብደቱ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ኋላው ቀሎ ይወጣል። ኋላው ከወጣ ፍሬን ሳይሆን መሪ ነው መድኃኒቱ፦ መሄድ ወደምትፈልጉበት እያያችሁ ወደዚያው አዙሩ፣ ሲመለስ ደግሞ ቶሎ አቅኑት። ክቡን በቦቴ ውሃ ብናረጥበው ያው መኪና 28 አካባቢ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ከዚህም ይብሳል፤ በበጋው የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ አስፋልቱ ላይ ይቀባል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ነገር አንድ ነው፦ ጎማ ያለው አቅም የተወሰነ ነው፣ ያንኑም ለፍሬን፣ ለመታጠፍና ለመፍጠን ይካፈለዋል። ኩርባ ውስጥ ሙሉ ፍሬን የረገጠ ለመሪው የሚተርፍ የለውም። ስለዚህ ፍሬኑ ከኩርባው በፊት፣ በቀጥታው ላይ ያልቃል። መውጫው ሲታይ ነዳጅ ይጨመራል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ የሚሠራውም ይኸው ነው፤ እዚያ ላይ ግን ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ይጨመርበታል። ማርሽ ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ ሰው፣ የቆጠበውን ለፍሬን ሸራ ይከፍላል፤ ሸራው ከጋለ በኋላ ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። ሌላም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ በቫኪዩም የሚሠራው የፍሬን አጋዥም እገዛው ይቀንሳል። ፔዳሉ ከቆላው ጠንከር ቢልባችሁ አትደንግጡ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ።

ወደ ውድድሩ ልምጣ። ውድድሩ ከትምህርቱ በኋላ ነው የሚጠቅመው፤ ሰዓት አያዳላም፣ “ጥሩ ነዳሁ” የሚለውን ሁሉ ያርመዋል። ሳይማሩ ውድድር መግባት ግን ያለውን ክፉ ልማድ በፍጥነት መድገም ነው። ዕቃ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ሰፊ ቸርኬና የስፖርት ጎማ ለጀማሪ ስህተቱን ይደብቁለታል። ሰዓቱን በስልክ ስለምንይዝ የሁለት አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት የጣት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ በሁለት አሥረኛ ተሸነፍኩ ብሎ የሚከራከር ሰው እንዳላይ። የምንመለከተው ለእያንዳንዱ የሚሰጠውን አራት ዙር ያለ ኮን መምታት፣ በተቀራረበ ሰዓት የጨረሰውን ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት መስመሩን በእግር ትሄዱታላችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። አንዴ ለመንገዱ፤ አንዴ ደግሞ ፍሬን የት እንደሚያልቅ፣ ነዳጅ የት እንደሚጨመር ለመለየት። ሲሄዱም ጎንበስ በሉ፤ ከሾፌር ወንበር የሚታየውና ቆሞ የሚታየው አንድ አይደለም። የተጋደመ ኮን የሚያመለክተው የትኛውን ጎን ማለፍ እንዳለባችሁ ነው።

መኪና ያልገባ ሰው ኮን አንሺ ይሆናል፤ የሚሠራውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። አንዱ ኮን ሲያነሣ ሌላው መኪናውን ያያል። ለሚመጣ መኪና ጀርባ መስጠት፣ ስልክ ማውጣት፣ ኮኑ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ በተቻለ ፍጥነት ቀጥ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ምክንያቱን በኋላ ትጠይቃላችሁ። እሳት ማጥፊያው ከመነሻው አጠገብ ነው። አሁን ኮፈን ክፈቱ፤ ፍተሻው ከመጀመሪያው ተራ ይጀምራል፣ ያላለፈ መኪና ባለቤት ከጓደኛው ጋር ተጋርቶ ይነዳል።