አላርሙ ሲጮህ መርፌው 80 ላይ ነበር

እሺ... ሰላም ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። ስለ ታናሼ ሰርግ የጠየቃችሁኝ፣ እሱን ሌላ ቀን፤ አማቾቻችንም ማዳመጥ ጀምረዋል አሉ። ዛሬ የማወራው ተሳፋሪ ጭኜ ጀልባ እየነዳሁ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ስለሆነው ነው። ለብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ነግሬያችኋለሁ፣ ግን ከውስጤ አልወጣም።

የክብራን ገብርኤልን ደሴት አልፈናል። ከሰዓት ነው፣ ንፋሱ ተነስቷል፤ የጣናን የከሰዓት ንፋስ ታውቁታላችሁ። ጀልባዋ ሞልታለች። የሞተሩ አላርም ጮኸ። አንድ ወጥ ድምፅ ነው፣ አይቋረጥም። የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ አየሁ፦ 80 ዲግሪ። ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ።

እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ደጋግሜ እዚህች ላይ። ጆሮዬ እየተቃጠለ ነው ይለኛል፣ ዓይኔ ደህና ነው ይለኛል። የቱን ነው የምሰማው?

ጋዙን ቀነስኩ። ዘይቱን አየሁ፣ ምክንያቱም የዘይትም የሙቀትም አላርም በአንድ ድምፅ ነው የሚጮኸው። ዘይቱ ደህና ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ጭስ መውጫውን አየሁ፤ ውሃ እየተፋ ነው፣ እንፋሎት የለውም። እንግዲህ የኛ ሞተር ወለሉ ስር ነው ያለው፣ የሚቀዘቅዘውም በሁለት ውሃ ነው። አንዱ በራሱ ውስጥ የሚዞረው፣ ሌላው ፓምፑ ከሐይቁ ስቦ፣ የውስጡን አቀዝቅዞ፣ ከጭሱ ጋር የሚያስወጣው። ከኋላ ውሃ በደንብ ከወጣ የሐይቁ ወገን ሰላም ነው ማለት ይቻላል። ማጣሪያው አልተደፈነም፣ የፓምፑ ጎማ አልተበጣጠሰም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር። እምቦጭ የሚባለው አረም ከመጣ ወዲህ፣ ማለት ከ2004 ዓ.ም. ግድም ወዲህ፣ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ሰዎች ሲጨነቁ የኖሩት በእሱ ነው። አንዲት ቅጠል መሳቢያው ላይ ከተለጠፈች ፓምፑ ደረቁን ይዞራል፣ ጎማው ደግሞ ደረቅ ዙር ላይ ደቂቃዎችም አይቆይ። ስለ እምቦጭ ካነሳሁ... አይ፣ እሱን ከጀመርኩ አልጨርስም። ሐይቁን እያየነው ነው... በቃ፣ ልመለስ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ጋሼ ስል ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ሳልወለድ ጣና ላይ ነበረ። "መርፌው ስንት ይላል?" አለኝ። ሰማንያ አልኩት። "በል ሽቦዋን ንቀልና ንዳ። አላርም ይዋሻል፤ ስንቱን ጀልባ ያየሁ መሰለህ።"

ልክ ነው፣ ይዋሻል። አላርሙ የራሱ ሴንሰር አለው፣ መርፌው የራሱ። የአላርሙ ሽቦ ልባሱ ተልጦ የሞተሩን ብረት ከነካ፣ ሞተሩ በረዶ ቢሆንም ይጮኻል። ግን ጋሼ ያላነሳው ሌላ ነገር አለ። መርፌውም ይዋሻል። የውስጡ ውሃ ከጎደለና ሴንሰሩ ከውሃ በላይ ባዶ ቦታ ላይ ከቀረ፣ የሚለካው ውሃ የለውም። ዝቅ አድርጎ ያነባል። በጣም የሞቀ ሞተር ላይ መርፌው ተረጋግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ይሄን ሳስበው አሁንም ያስፈራኛል።

አጠፋሁት።

ሞተር ሲጠፋ ሰው ሁሉ ነው ቀና የሚለው። አንድ አባት ማማተብ ጀመሩ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች አጉረመረሙ፤ እነሱን ተዉአቸው። እኔን የያዘችኝ መሃል ላይ የተቀመጠችው እናት ናት። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ልጁ ትኩሳት አለው፣ ሆስፒታል ልታደርሰው ነው የመጣችው፤ ዘጌ ላይ ስትሳፈር "ቶሎ እንደርሳለን አይደል ወንድሜ?" ብላኝ ነበር። እኔም "አዎ እታለም" ብያት ነበር። ሞተሩን ሳጠፋ ምንም አላለችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፊቴን አይደለም የምታየው፣ እጄን ነው፤ እጄ የሚሠራውን።

እጄ ደግሞ ምንም መሥራት አይችልም። የሞቀ ሞተር የውሃ ክዳን አይከፈትም፣ ፊትህን ነው የሚልጠው። ቀዝቃዛ ውሃም ባንዴ አይጨመርበት፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ መጠበቅ ነው። ንፋሱ ወደ ደንገሉ እየገፋን፣ ልጁ እያቃሰተ፣ እኔ እየጠበቅሁ።

ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ምክንያቱም በሰዓቱና በእኔ ውስጥ የቆየው አንድ አይደለም።

በኋላ በጨርቅ ይዤ ክዳኑን ትንሽ አላላሁት፣ አስተነፈስኩት፣ ከፈትኩት። ጎድሏል። በጣም አይደለም፣ ግን ጎድሏል። ሰዎቹ የሚጠጡትን ሃይላንድ ውሃ አዋጡ፣ ቀስ እያልኩ ሞላሁት። አስነሳሁ። አላርሙ ዝም አለ። ቀስ እያልን ባሕር ዳር ገባን። እሷ ከሁሉም ቀድማ ወረደች፣ ባጃጅ ያዘች፣ ሄደች። በቃ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

አሁን የሚያበሳጨኝ ምን መሰላችሁ? በማግስቱ ሜካኒኩ መጣና ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ የክዳኑ ጎማ ደርቋል፣ ግፊት አይዝም። ይሄ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 94 ግድም ላይ ይፈላል። አላርሞቹ ደግሞ አብዛኞቹ 95 ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚጮኹት። መሃል ያለውን በዋናነት የሚሸፍንልህ የክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ካልያዘና የሞላኸው ውሃ ብቻ ከሆነ፣ አላርሙ ገና ሳይነቃ ውሃህ ፈልቶ መጉደል ሊጀምር ይችላል። ጣና ላይ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ክዳኑን እዩ። እባካችሁ።

ሁለተኛ፣ የአላርሙ ሽቦ ሞተሩ ጎን በሚያልፍበት ቦታ ላይ ተልጧል። መዳቡ ይታያል።

ሁለቱንም ባንዴ ሠራቸው። ክዳኑን ቀየረ፣ ሽቦውን ጠቀለለ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። እኔ ግን እውነት የጮኸው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ውሃው ከሆነ፣ ብነዳ ኖሮ ጋርኒሲዮኑ፣ ያ የሞተሩን ራስና አካል መሃል የሚያሽገው፣ ይቃጠልና መሃል ሐይቅ ላይ እንቀር ነበር፣ ልጁም እዚያው። ሽቦው ከሆነ ግን... በባዶ ነው ያስጠበቅኳት። ጋሼ ልክ ነበረ ማለት ነው።

ባለቤቴ "ደህና አደረግህ" ትለኛለች። ሁሉም እንደዚያ ይላል። ደህና ሳደርግም እኮ ልጁ ይታመማል።

አንድ ሰው፣ ከእናንተው አንዱ፣ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ የሚደገነውን መለኪያ ግዛ ብሎ ጻፈልኝ። አመሰግናለሁ፣ ግን እሱ ለሰው ነው፣ ከአርባ ምናምን ዲግሪ አያልፍም። ለሞተር የሚሆነው ሌላ ነው። እሱን አስመጣለሁ። ቴርሞስታቱ፣ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ማለት ነው፣ ያለበት ብረት ላይ ደግኖ ማየት ነው፤ ያኔ መርፌውና አላርሙ ሲጣሉ ሦስተኛ ምስክር ይኖረኛል። ለሚቀጥለው ጊዜ ማለቴ ነው።

ዘጌ ወደቡ ላይ ልጠይቅ ብዬም ነበር። ስሟን አላውቅም። ልጅ የታቀፈች ሴት ብዬ ልጠይቅ? ብትገኝስ ምን እላታለሁ፣ ስለ ክዳን ጎማ ልነግራት ነው? እንጃ። ልጁ እንዴት ሆነ ማለት ብቻ... እሱን ማለት ይቻላል አይደል?

ሌላ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ቀለም የተቀባ ነው። ሽቦው እውነት ብረቱን ነክቶ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ መፋቅ አለበት። ካልተፋቀ፣ አልነካም። ወለሉን ከፍቶ ማየት ነው፣ በባትሪ። ዛሬ ማታም ይቻል ነበር እኮ። ጀልባዋ እዚያው ታስራለች። ሄጄም ነበር፣ ቁልፉንም ይዤ... እና እንጃ፣ ሰው መጣ፣ ማውራት ጀመርን፣ መሸ። ነገ... ነገ ደግሞ ጠዋት ተሳፋሪ አለኝ።